እርሷን አስቀድሙ

በየዓመቱ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ስልኬ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ ይገባል። ከማስታወሻ ደብተር የተቀደደች ቁራጭ ወረቀት ናት፤ በጥቁር የእንጨት ክፈፍ ተይዛ ነጭ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። የግድግዳው ባለቤት በሰሜን ኖርዌይ የምትኖር ነርስ ናት። ወረቀቷ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእኔ ነው። ቃሉ ግን የእኔም የእርሷም አይደለም፤ ሐረር አቅራቢያ ካለው ከፈዲስ የመጡ የአንዲት እናት ነው። ፎቶው በመጣ ቁጥር “እንኳን አደረሰሽ” ብዬ እጽፍና ስልኩን በፊቱ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ። ምክንያቱም ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ነርሷ ተጽፏል ብላ የምታስበው ነገር አይመስለኝም።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ከዚራ ተወልጄ ያደግኩ። ድሬ ያደገ ሰው ሦስት አራት ቋንቋ መናገሩን እንደ እውቀት አይቆጥረውም፤ ያስተማረው ጎረቤቱ ነው። አማርኛው ከቤት፣ ኦሮምኛው ከቀፊራ ገበያ፣ ሶማሊኛው ከኳስ ሜዳ ይመጣል። አባቴ የምድር ባቡሩ ጥገና ክፍል ሠራተኛ ስለነበር ፈረንሳይኛም ጨምሮበት ነበር። አለቃና ሠራተኛ ሲጋጩ መሀል የሚያቆሙት እርሱን ነው። “አለቃው ‘ይህ ሰነፍ’ ሲል እኔ ‘ትንሽ ብትፈጥንለት’ እላለሁ፤ ሠራተኛው አባቱን ሲሰድብ እኔ ‘ዛሬ ደክሞታል’ እላለሁ” እያለ በኩራት ይነግረን ነበር። ስንት ጠብ በእንዲህ ዓይነት ዘዴ እንዳበረደ ሲቆጥር ጣቶቹ አይበቁትም። እኔም የማስተርጎም ሙያን የወረስኩት ከነስኳሩ ነው።

ጨው የሚቀምስ የጠፋበት ምሽት

ከሦስት ዓመት በፊት ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የተውጣጣ የበጎ ፈቃደኛ የዓይን ሐኪሞችና ነርሶች ቡድን ሐረር መጥቶ ነበር። ሥራቸው የዓይን ሞራ መግፈፍ ነው። ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብያቸው በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ላይ ስንወጣ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉት ሐኪም በ1998 ዓ.ም. የተካሄደውን ብሔራዊ ጥናት እየጠቀሱ አወሩኝ፤ ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ማየት የተሳነው መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ምክንያት መሆኑን። “ግማሹ ማለት እኮ በሩብ ሰዓት ሥራ የሚመለስ ነው” አሉኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ የደንገጎን ቀዝቃዛ አየር ሳብኩ። ሩብ ሰዓት! ስንቱ ሰው ሩብ ሰዓት አጥቶ አሥር ዓመት ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል።

የሥራው ሁለት ሳምንት የገና በዓላቸው ላይ ወደቀ። የትኛው ቀን እንደሆነ ግን እርስ በርሳቸውም አልተስማሙም። ለኖርዌዮቹ በዓል ማለት የዋዜማው ምሽት ነው፤ ከቀትር በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፣ ማዕዱ ይቀርባል፣ ስጦታው ይከፈታል። ለሌሎቹ ዋናው ቀን ማግስቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር አንዱ ታኅሣሥ 15፣ ሌላው ታኅሣሥ 16 መሆኑ ነው። የእኔ ገና ደግሞ ገና ነው፤ ታኅሣሥ 29። በመጨረሻ ታኅሣሥ 16 ቀን ሥራ ስለማይቀር እራቱ ዋዜማው ላይ ይሁን ተባለ። ከግቢው ጥድ አንድ ቅርንጫፍ ተቆርጦ መጣ፤ ጌጥ ስላልነበረ ፋሻ ጠመጠሙበት፤ ያለቁ የዓይን ጠብታ ብልቃጦችን በክር አንጠለጠሉበት። መብራት ሲያርፍባቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምሩ ነበር።

እኔ ደግሞ አስተናጋጅነቴን ላሳይ ብዬ ዶሮ ወጥ አዘዝኩ። ያልታሰበኝ ነገር ቢኖር የነቢያት ጾም መሆኑ ነው። የማረፊያው ወጥ ቤት ሴትዮ ዶሮውን አስባርካ፣ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ ሁሉን አሳምራ ሠራችና ጨው ላይ ስትደርስ ቆመች። መቅመስ አትችልም። ጭልፋውን ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ እኔም ጾመኛ ነኝ። ዘበኛውን ጠራነው፤ ሙስሊም ነው፣ በክርስቲያን እጅ የተባረከ ዶሮ አይቀምስም። ሦስታችን ድስቱን ከበን ተያየን። ሐረር ውስጥ ካልሆነ በቀር ይህ የት ይገጥማል? ዘበኛው እየሳቀ “በአላህ ስም ገምቺው” አላት። ገመተችው። ጨው ማነሱ ነውር መስሏት ነው መሰለኝ፣ የገመተችው ለሠርግ ቤት ድስት ነበር።

ፈረንጆቹ አንድ ጊዜ ጎርሰው ውሃ ፈለጉ። ነርሷ ግን ዝም ብላ አላመጠች፤ ደግማ ጎረሰች። በሰፈሯ ለዋዜማው እራት የሚቀርበው በጨው የደረቀ የበግ ጎድን እንደሆነ፣ አንድ ቀን ያህል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በእንፋሎት እንደሚበስል ነገረችን። ቋንጣ ነው አልኩ በልቤ። እናቷ ሁልጊዜ የመዘፍዘፊያውን ሰዓት ስለምታሳጥር ጨው ይበዛበታል አለች። “ልክ የእርሷ ነው” አለችና ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ።

ወሬውን ወደ ገንፎ ቀየረችው። አያቷ በገና ዋዜማ አንድ ሳህን ገንፎ ጎተራ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር አለች፤ በጎተራው ለሚኖር ጺማም ትንሽ ፍጡር። ካልተሰጠው ይቀየማል፣ ከብቱን ይጎዳል ይባላል። እኔም የሐረርን ነገርኳት፤ በዓሹራ ዕለት ለጅብ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ እንደሚቀርብለት፣ የጅቡ አበላል የዓመቱ ዕድል ምልክት ሆኖ እንደሚታይ። “ስለዚህ እናንተም የማይታየውን ታበላላችሁ” አለችኝ። የለም፣ ጅቡስ ይታያል አልኳት፤ ከሁለት ቀን በፊት ፈላና በር ላይ ራሷም በአፏ በያዘችው እንጨት ሥጋ አብልታዋለች። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ስልኳን ይዛ ወጣች። እናቷ ዘንድ ለመደወል ነበር። በአገሯ በዚህ ወቅት ሰባት ሳምንት ያህል ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ መስኮቱ ሁሉ ላይ መብራት ይቀመጣል። ያንን መብራት በምስል ልታሳያት እናቷ ቀጠሮ ይዛላት ነበር። ኔትወርክ እንቢ አለ። ከውሃ ጋኑ ሥር ቆማ ስልኩን ወደ ሰማይ ስታነሳና ስታወርድ በመስኮት አየኋት። ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሳለ ሌላ ሰው ጠራኝና ሄድኩ።

አግዳሚው ወንበር

የሞራ ቀዶ ጥገና ደስታው ያለው በማግስቱ ነው። ሕመምተኞቹ በረንዳው ላይ በረጅም አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይናቸው ተሸፍኗል። ነርሷ ከጫፍ ጀምራ ፕላስተሩን በቀስታ ትልጣለች፤ በጨው ውሃ የራሰ ጥጥ ወስዳ ሽፋሽፍቱን ትጠርጋለች፤ ከዚያ ጣቷን አንስታ “ስንት ነው?” ትላለች። እኔ “ስንት ነው?” እላለሁ። “ሁለት!” ይላሉ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ እልል ይላል፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጣቱን ትተው ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀውን ቀለም እያዩ “ይህን የማያድሱት ለምንድን ነው?” ብለው ጠየቁ።

የታኅሣሥ 16 ጠዋት እኒያ የፈዲስ እናት ከጫፍ አምስተኛ ነበሩ። ከሦስት ቀን በፊት የመጡት በልጅ ልጃቸው ተመርተው ነው፤ ልጁ የዱላቸውን አንድ ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ እርሳቸው ሌላውን ጫፍ ይዘው ይከተላሉ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንደ ወተት ነጭተው ነበር። ቀኝ ዓይናቸው ተሠርቷል፤ የግራው ተራ በነጋታው ነበር።

ነርሷ ጎንበስ ብላ ፕላስተሩን ላጠች። ፊቷን በቅርብ አላየሁትም ነበር፤ ለካ ዓይኗ አብጦ፣ ጠርዙ ቀልቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛች ይመሰክራል። ሁለት ጣቷን አነሳች። እናት ጣቶቹን አላዩም። ለስንት ዓመት ሳያዩ ኖረው መጀመሪያ የገጠማቸውን ፊት ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ሌባ ጣታቸውን ወደ ዓይኗ ቀሰሩና በኦሮምኛ እንዲህ አሉ፦

“ይህች ልጅ ስታለቅስ ነው ያደረችው። ዓይኗን እዩት እንጂ፤ ከእኔ ይብሳል። የእኔ ግራ ይቆያል፣ ተራዬን ስጧት። ዱራ ኢሺ ያላ።”

መጀመሪያ እርሷን አክሙ ማለታቸው ነው። ይህን ብለው ሻሻቸውን አስተካክለው አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉ፤ ከጎናቸው የተከፈተውን ቦታ ሁለት ጊዜ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። “ምን አሉ?”

እዚህ ላይ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ የተመላለስኩት። በዚያች ቅጽበት ከኋላዬ ሐኪሙ ቆመዋል፤ አንድ የቡድኑ አባል ካሜራ አንስቷል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ ወደ እኛ ያያል። “ያለቀስሽ ትመስያለሽ ይሉሻል” ብሎ በሰው ፊት መናገር እንግዳን ማሳጣት መሰለኝ። የአባቴ ልጅ ነኝና አፌ ከእኔ ቀደመ።

“በዓልሽ የተባረከ ይሁን፣ ብዙ ዓመት ያድርስሽ ይሉሻል” አልኩ።

እጇ አፏ ላይ ሄደ። ከዚያ ወንበሩ ላይ፣ በዚያው በተለቀቀላት ቦታ ተቀመጠችና እናትን አቀፈቻቸው። እንባዋ ወረደ። ሐኪሙ አጨበጨቡ፤ በረንዳው ተከትሎ አጨበጨበ። እናት በሻሻቸው ጫፍ የነርሷን ጉንጭ እየጠረጉ በአንድ ዓይናቸው ወደ እኔ አዩ። የዚያን አስተያየት ትርጉም እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ተራቸውን ለማን እንደምሰጥላቸው እየጠበቁ ይሆን?

እኔም “ቀጣይ” አልኩ።

ያረምኩት ምኑን ነው?

ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ። ሐረር ውስጥ ሙስሊሙ ክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ ሙስሊሙን እንኳን አደረሰህ ማለት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ውሸቴ የሐረርን ጠባይ አላጎደፈም አልኩ። ነርሷም በባዕድ አገር በዓል የማክበር ብቸኝነቷን ረሳች አልኩ። ምሽት ላይ ታሪኩን ለቡድኑ ስትደግመው፣ አንዱ “ይህ እስከ ዛሬ ካሳለፍኩት ገና ሁሉ ይበልጣል” ሲል ሰማሁ። የሚያስደስት ነገር ነው፤ ግን እኔን ብቻ ራቴ አልወርድ አለኝ።

ያሳፈረኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም። እንደ አባቴ ጠብ ለማብረድ ብዋሽ ኖሮ ይቅርታ ለራሴ በቀለለኝ። እዚያ በረንዳ ላይ ግን ጠብ አልነበረም። እኔ ያረምኩት የእኒያን እናት አነጋገር ነው። የገጠር እናት ለፈረንጅ የምትለው ምን መሆን እንዳለበት አስቀድሜ ወስኜ ነበር፦ ምርቃት፣ ምስጋና፣ ካሜራ ፊት የሚያምር ነገር። እርሳቸው ደግሞ ሐኪም ሆነው ተገኙ። ዓይን አይተው በሽታ ለዩ፤ መድኃኒቱንም አዘዙ፤ ያላቸውን ብቸኛ ነገር፣ ተራቸውን። ተራ ማለት ምን እንደሆነ ሌሊት ከሆስፒታል አጥር ሥር ያደረ ሰው ያውቃል። ያንን ስጦታ ተቀብዬ በኪሴ ከተትኩና በምትኩ የሱቅ ካርድ ላይ የሚጻፍ ቃል አቀበልኩ።

የበዓል ነገር ሆኖብኝ ደግሞ ይህን አስባለሁ፤ ያቺ ሴት ከአገሯ ያመጣችው ናፍቆት በዓሏን ለሚያውቅላት ሰው አልነበረም። ፈዲስ ውስጥ ያን ዕለት ማንም በዓል መሆኑን አያውቅም። ያለቀሰ ሰው ግን ያውቃሉ።

ደንገጎ ላይ

ቡድኑ የተመለሰው ታኅሣሥ 18 ከሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ መንገዱ ሌላ ነገር ሆኗል። ከአወዳይ ጀምሮ መኪናው እየተጓተተ ሄደ፤ ደንገጎ ላይ፣ የአዲስ አበባውና የድሬዳዋው መንገድ በሚገናኙበት ቦታ፣ ጭራሽ ቆመ። ከድሬ የሚወጣው ምዕመን ጥላ ዘርግቶ፣ ጧፍ ይዞ፣ ጨቅላ አዝሎ ያልፋል። አንድ ጎልማሳ ትከሻው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ በባዶ እግሩ አለፈ። ነርሷ ለምን እንደተሸከመ ጠየቀችኝ። ስለት ነው አልኳት፤ ለምኖ ተሰጥቶታል፣ አሁን የገባውን ቃል እያደረሰ ነው። ይህንን በትክክል ተረጎምኩ።

ከዚያ ደብተሯን አወጣች። “እኒያ እናት ያሉኝን በራሳቸው ቋንቋ ጻፍልኝ። በእንግሊዝኛ አይደለም። እርሳቸው እንዳሉት።”

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ “መልካም በዓል” ብዬ ልጽፍላት እችል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። ሰውየው ድንጋዩን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ሲያዛውር በመስታወቱ አየሁት። በገብርኤል ዋዜማ ሁለተኛ ውሸት፣ ያውም በጽሑፍ፣ አልደፈርኩም። ሙሉውን ጻፍኩት፤ ማልቀሷን፣ ዓይኗን፣ ተራውን፣ “ዱራ ኢሺ ያላ”ን። ወረቀቱን ቀድጄ ሰጠኋት። ደጋግማ አየችው፣ ረጅም ነው አለች፣ አጥፋ ፓስፖርቷ ውስጥ አስገባችው። እኔ ምንም አልተናገርኩም። እንዲህም ዓይነት ፈሪ እውነት አለ።

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይባላል። ንጋት ሰባት ሳምንት በሚዘገይበት አገር እውነቱም እንደዚያው ይዘገይ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ዘንድሮ

ዘንድሮ ፎቶው ሲመጣ ስልኩን አልደፋሁትም። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት፤ ሙሉውን፣ ከጣቷ እስከ ተራው። ይቅርታም ጠየቅኩ። ላክሁት። እንደተነበበ የሚያሳየው ምልክት ታየ፤ መልስ ግን አልመጣም። ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬን ይዤ ዞርኩ።

በሦስተኛው ቀን እንዲህ ብላ መለሰች፦ “ጣታቸውን ወደ ዓይኔ ሲቀስሩ አይቼ ነበር። ወንበሩ ላይ ጠጋ ሲሉልኝም አይቻለሁ። ለመልካም በዓል ብሎ ጠጋ የሚል ሰው አላውቅም። የተቀመጥኩት ስለጠሩኝ ነው። አንተን ያልጠየቅኩህ ያፈርክ ስለመሰለኝ ነው፤ ወረቀቱን ያጻፍኩህም ለዚያ ነው። በዚያው ዓመት ልጇን ይዛ ክሊኒካችን የመጣች የኦሮሞ እናት አነበበችልኝ። ሁለታችንም አለቀስን፣ ከዚያ ሳቅን።”

አንብቤ ሳልጨርስ ፊቴ ጋለ። አስተርጓሚው ባይኖርም ያ በረንዳ ይግባባ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ግን አንድ ጥያቄ ነበረ፦

“እርሷም ያልነገረችኝ አንድ ነገር አለ። የግራ ዓይናቸው ተሠራ?”

አላውቅም። በማግስቱ እኔ ሌላ ክፍል ውስጥ ለምርመራ ተራ ጠባቂዎች ሳስተረጉም ነው የዋልኩት። ስማቸው ሲጠራ ነበሩ? ወይስ ተራቸውን ለእርሷ ሰጥተው፣ እንደተሰጠላትም አምነው፣ ልጁን አስከትለው ወደ ቤታቸው ሄዱ? ያንን ሊነግራት የሚችል ሰው እዚያ በረንዳ ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም “ቀጣይ” ብሎ አልፏቸዋል።

ፈዲስ ከሐረር በስተደቡብ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ስማቸውን አላስታውስም። የማስታውሰው የዱላ ጫፍ ይዞ ከፊት የሚሄደውን ልጅ ነው፤ አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ቅዳሜ በጠዋት ከድሬ እነሳለሁ። ለነርሷ እስካሁን አልመለስኩላትም።